የመስታወት መደብ

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ልጃችን ትናንት መጥታ ዛሬ ተመለሰች። ርእሰ መምህርት ናት፤ ስትስመኝም መመሪያ እየሰጠችኝ ነው። ሳሎን ውስጥ አንድ አኳሪየም ትታልን ሄዳለች፦ ክንድ ተኩል የሚረዝም የመስታወት ሣጥን፣ አሸዋ፣ ፓምፕ፣ የውሃ ማሞቂያ ዘንግ፣ ስድስት የውሃ ውስጥ ተክሎችና አንድ ብርቱካናማ ዓሣ። የልጇ ነበር። የልጅ ልጄ ባለፈው ወር ከዓሣ ወደ ጊታር ተዛውሯል፤ ዓሣውን ያማከረው ግን የለም።

ሐሳቡ የመጣው ባለቤቴን ከሚያክማት ሐኪም ነው። «እጃቸውን ሥራ አታስፈቱ፤ የሚያውቁትን ነገር ስጧቸው» ብሎናል። ባለቤቴ የምታውቀው ችግኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሠርታ፣ የችግኝ መደቦቹ ኃላፊ ሆና ነው ጡረታ የወጣችው። በረንዳ ላይ አበባ ነበረን። ሚያዝያ ላይ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ገልብጣ፣ አፈሩን ታች ያለችው ልብስ ሰፊ ባሰጣችው ነጭ አንሶላ ላይ አራገፈችው። ከዚያ ወዲህ በረንዳው ተቆልፏል።

«ይሄኛው አፈርም የለው፣ ከታቹም ጎረቤት የለው» አለች ልጄ።

በሩ ላይ ስንደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንየው። ካቃተህ እማዬን እኔ ጋ እወስዳታለሁ።»

«አላቃተኝም።»

«ስምንት ኪሎ ቀንሰሃል።»

«ሸሚዙ ነው የሰፋው።»

አልሳቀችም። ወደ ሳሎኑ ዞር ብላ አየችና «እሺ፤ መጥቼ እነዚህን ስድስቱን ሥር ይዘው ካገኘኋቸው፣ ይሄ ቤት ሌላም ነገር ያኖራል ብዬ አምናለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ ላክልኝ» አለችኝ። ቀልድ መሆን አለበት። እኔ ግን አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት በአራሚነት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተባለውን እንደተባለ ነው የማነበው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ሁለቱ ተነቅለው ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል። መልሼ ተከልኳቸው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ሦስት።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ገበያው ጫፍ ወዳለው ዓሣ ሻጭ ሄድኩ። ሰፈሩ «ዋናተኛው» ይለዋል፤ ዋና አይችልም።

«ጋሼ፣ ተጠርጣሪው ዓሣው ነው» አለኝ። «ይሄ ዘር አፉን አካፋ አድርጎ ነው የተፈጠረው። ሲቆፍር ነው የሚውለው።»

«ምን ይሻላል?»

«በጣት አይትከሉ፤ ጣትዎ ሲወጣ ተክሉንም ይዞት ይወጣል። ሥሩን በወረንጦ ይያዙና ሰያፍ አርገው ያስገቡት። ይሄ ወፍራም ግንድ ያለውን ደግሞ አሸዋ ውስጥ እንዳይቀብሩት፣ ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ላይ በክር ይሰሩት። ከዚያ በኋላ አይነካኩት! ሦስት ሳምንት። የውሃ ተክል እንደ አማች ነው፤ በየቀኑ ‹ተመቸህ ወይ?› ካሉት ይከፋዋል።»

ክንድ የሚያህል ወረንጦ ይዤ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

አራቱ ወጥተው አገኘኋቸው። በወረንጦ መለስኳቸው፤ ወፍራሙን ድንጋይ ላይ አሰርኩት። ውሃው እስኪጠራ ጠብቄ ፎቶ አነሳሁና ላክሁላት። «ጎሽ አባዬ!» አለች።

የሰው ስህተት ሳወጣ ኖሬ፣ የራሴን ስደብቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ፎቶው ጥርት ብሏል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ማተሚያ ቤቱ አሁንም አንዳንድ ሥራ ይልክልኛል። የሰሞኑ፣ የማስታወስ ችሎታን በሠላሳ ቀን ስለማሳደግ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። ደራሲው ምዕራፍ አራትን ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ከነነጠላ ሰረዙ ደግሞታል። ኅዳጉ ላይ «ይህን ቀደም ሲል ነግረውናል» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ሰረዝኩት። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ እኅቷ እንዴት እንዳደረች አራት ጊዜ ጠየቀችኝ። እኅቷ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አራት ጊዜ «ደህና ናት» አልኩ። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን እነግራት ነበር፤ በየቀኑ አዲስ መርዶ። ያን ስህተት ያረምኩት ዘግይቼ ነው።

ተክል፦ ሦስት ወጥተዋል። የሹራቧ እጅጌ እስከ ክርኗ ረጥቧል። ዕቃ ስታጥብ ይሆናል።

ዕቃ የማጥበው እኔ ነኝ። ቢሆንም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ተከልኩ። ፎቶ። «ጎሽ!»

እሑድ፣ ሰኔ 15

ሶፋ ላይ መተኛት ለጀርባ ጥሩ ነው። ከግንቦት ወዲህ የምተኛው ሳሎን ነው። ለልጄም የነገርኳት ይህንኑ ነው፤ ጀርባ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ዓሣውን ለልብስ ሰፊዋ ወሰድኩላት። ጎንበስ ብላ ባልዲው ውስጥ አየችው።

«የአንሶላዬ ካሣ ነው?»

«የሰላም ስጦታ ነው።»

«በል ና አንተ ቀይ» አለችው። «እኔ ቤት የሚቆፈር የለም። ሥራ ከፈለግህ ግን ቁልፍ መትከል አስተምርሃለሁ።»

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ዓሣው ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ስድስቱም ወጥተዋል። ዋናተኛው ጋ ደወልኩ። «ፓምፑ ነዋ ጋሼ! ግፊቱ በርትቶ ነው» አለኝ።

ሊሆን ይችላል። ፓምፑ ስድስቱንም ነቅሎ፣ በየቁመታቸው ደርድሮ፣ ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ጋዜጣ አንጥፎ አስተኝቷቸዋል። ብርቱ ፓምፕ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

አሁን ተኝታለች። ይህን በወጉ ልጻፈው።

ማተሚያ ቤት ልሄድ ወጥቼ፣ መነጽሬን ረስቼ ከደረጃው ተመለስኩ። በሩን ስከፍት ባለቤቴ አኳሪየሙ ፊት ቆማለች፤ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ። ሰሞኑን የሸሚዟን ቁልፍ መቆለፍ የሚያቅታት ሴት፣ ሁለት ጣቷን በአሸዋው ሥር አሾልካ፣ ተክሉን ከታች ደግፋ፣ አንዲት ቅጠል ሳትበጥስ አነሳችው። ጋዜጣው ላይ አጋደመችው። የረዘሙትን ሥሮች በጥፍሯ ቀነጠበቻቸው። ቀጣዩን። ከንፈሯ ይቆጥራል።

አየችኝ። አልደነገጠችም።

«እርስዎ አዲስ ነዎት?»

አርባ አንድ ዓመት «አንተ» ስትለኝ ኖራለች፤ ስትናደድ ደግሞ «አንተ ሰውዬ»።

«አዎ» አልኩ። «አዲስ ነኝ።»

«ታዲያ ቆመው ምን ያያሉ? ጋዜጣውን ያርጥቡት እንጂ!»

አረጠብኩት።

«ለምንድን ነው የምናነሳቸው?» አልኳት።

አሳዘንኳት መሰለኝ፤ ድምፅዋን አለሳለሰች። «ችግኙ ከተተከለበት ፕላስቲክ በታች ሥር ያወጣላ። ዝም ካሉት መሬቱን ይለምዳል። የመትከያው ቀን ሲያነሱት ይበጠሳል፤ ወስደው የትም ቢተክሉት አይጸድቅም። ስለዚህ ሳይለምድ ማንሳት፣ መከርከም፣ መመለስ ነው። ክፋት እንዳይመስልዎት።»

«አይመስለኝም።»

ችግኝ ጣቢያ ልማዱ ይህ ነው፤ ድሮም ስትነግረኝ ሰምቻለሁ። እዚያ በየጥቂት ሳምንቱ ነበር። እሷ ዘንድ አሁን ከትናንት እስከ ዛሬ ጥቂት ሳምንት ነው።

ሃያ ደቂቃ ፈጀ። በሃያው ደቂቃ ውስጥ ምንም አልጠፋባትም፤ ቃልም፣ ሥራም፣ የት እንዳስቀመጠችው የረሳችው ነገርም የለም። የጠፋባት ሰው እንኳ አንድ ብቻ ነው። እሱም አጠገቧ ቆሞ ጋዜጣ ያረጥብ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፦ ተክሎቹ ሥር የሚይዙት እሷ እጇን ካነሳች ነው። እጇን ካነሳች ደግሞ ሌላ የቀራት የለም። ለልጄ ይህን በምን ዓረፍተ ነገር እንደምጽፍላት አላወቅኩም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ተከልኩ። ፎቶ። «ሥር ሳይዙ አልቀሩም!» አለች። «ሳይዙ አልቀሩም» አልኩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

እኔ ማታ እተክላለሁ፤ እሷ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ታነሳለች። ረዳቷ ሆኛለሁ። «ቀጥ አርገው ይያዙት እንጂ፣ ሰካራም አይደለም!» ትለኛለች። ዛሬ፣ ሌባ እንደሆንኩ እየተሰማኝ፣ ባለቤቷ ምን እንደሚሠራ ጠየቅኳት።

«አራሚ ነው።»

«ጥሩ ሰው ናቸው?»

አሰበችበት።

«ጥሩ ነው። ግን ሰው ሲያወራ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ እያረመዎት ነው።» ሳቀች። «አንድ ጊዜ ‹ውዴ እወድሃለሁ› ብዬ ጽፌ ብልክለት፣ መሐሉ ላይ ነጠላ ሰረዝ አስገብቶ መለሰልኝ።»

አላደረግኩትም ብዬ ልምል ነበር። አድርጌዋለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ ለቆጣሪ አንባቢው ስታወራ ሰማኋት። «እኔስ የሚያሳዝኑኝ ሰውዬው ናቸው። እሳቸው ናቸው ያለቁት። እሷማ ሥራ ላይ ናት።»

ጫማዬን ጮክ አድርጌ ረግጬ ወጣሁ፤ እንዳልሰማሁ እንዲያውቁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ዋናተኛው «ሞቅ ያለ ውሃ ሥር ያፋጥናል» ብሎኛል። ዓሣው ከሄደ ወዲህ የነቀልኩትን ማሞቂያ መለስኩት። ቢያንስ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ አንዱ እንኳ በእውነት ቢቆምልኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ቤት ውስጥ ጭስ። እጇ ተቃጥሏል። ቀኝ መዳፏ። ከክሊኒክ አሁን ተመለስን። አርባ ደቂቃ ብቻ ነው የወጣሁት። ነገ እጽፋለሁ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

እርማት፦ ትናንት «አርባ ደቂቃ» የተባለው «ሁለት ሰዓት ከሩብ» ተብሎ ይነበብ።

ማተሚያ ቤት የዚያን መጽሐፍ ምዕራፍ ዘጠኝ ይውጣ፣ አይውጣ ብዬ ስከራከር ነበር። ደራሲውም መጥቶ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተዋወቀኝ። ትንሽ ሳቅን። ስንስቅ ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል፤ አይቻለሁ። አየሁና ሌላ ሻይ ጠጣሁ። ከሰው ጋር ሻይ ከጠጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው ብዬ ነበር።

እሷ ስድስቱን አንስታለች። ማሞቂያውም እንደ ተክል ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ነው፤ እሱንም አነሳችው። ከውሃ ሲወጣ ኤሌክትሪኩ አልተነቀለም። እስኪግል ድረስ ይዛው ቆይታ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሶፋው ላይ አስተኝታዋለች። ልብስ ሰፊዋ ጭሱ ሸትቷት፣ መጠባበቂያ ቁልፍ ስላላት ገብታ ነቀለችው። ባትደርስ ኖሮ። አልጽፈውም።

ክሊኒክ ውስጥ እጇ ሲታሰር አላለቀሰችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሰባተኛው ትኩሳት አለው» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ፦ «ለባለቤቴ እንዳይነግሩት። ይደነግጣል።»

አልነግረውም አልኩ።

ማሞቂያውን የሰካሁት ለፎቶ ነው። ይህ ይጻፍ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ልጄ ፎቶ አልበቃ ብሏት በስልክ ቪዲዮ ፊት ለፊት ካላየኋችሁ አለች። ፋሻውን አየችው።

«እጇ ምን ሆነ?»

«ማንቆርቆሪያ።»

«አባዬ?»

«ማንቆርቆሪያ ነው አልኩሽ እኮ!»

በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም። ከኋላዬ ስድስቱ ተክሎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ነው የተከልኳቸው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ከምሳ በኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ አኳሪየሙ ጋ ናት፤ ፋሻው እንደታሰረ እጇን ውሃው ውስጥ ከታለች፣ ጨርቁ ተፈትቶ በተክሎቹ መካከል ይንሳፈፋል። ቁስሉ ገና ጥሬ ነው። እያመማት ፊቷ ይጨማደዳል፤ ግን ታነሳለች። አራተኛው ላይ ደርሳለች።

«ይቅርብዎት፣ ዛሬ እኔ ልጨርሰው» አልኳት።

«እርስዎ ተኝተው ነበር» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። ኃላፊ ለሠራተኛ እንደሚናገረው ነው። ትክክል ናት፤ ተኝቼ ነበር። ነገም እተኛለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሁለት ዓይን ብቻ ነው ያለኝ፣ እነሱም በመነጽር።

ፋሻውን ቀየርኩላት። ከዚያ ኩሽና ገብቼ በሩን ዘጋሁና ለልጄ ደወልኩ። ነሐሴ መጨረሻን አልጠበቅኩም። ማሞቂያውን፣ ፎቶዎቹን፣ የተቃጠለውን ሶፋ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

«አንተም ትመጣለህ» አለች።

«ክፍሉ ስንት አልጋ አለው?»

«ሁለት። ጎን ለጎን።»

«እዚያ ሳሎኑ የማን ነው?»

«የልጆቹ ነው፤ እዚያው ነው የሚተኙት። ለምን?»

ከግንቦት ወዲህ ያለውን ጀርባዬን ያን ጊዜ ገለጥኩላት። እናቷ ጨዋ ሴት ናት። መኝታ ቤቷ ውስጥ የማታውቀው ወንድ ሲጋደም እንደ ማንኛዋም ጨዋ ሴት ትጮኻለች። አንድ ሌሊት ጮኻለች፤ ሁለተኛውን አልጠበቅኩም። ቀን ቀን ረዳቷ ነኝ፤ ማታ ግን ለእኔ ቦታ ያለው ይህ ሶፋ ላይ ብቻ ነው።

ልጄ አለቀሰች። እኔ ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ግድግዳውን አየሁ። ግድግዳው ላይ ስህተት አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ሄደች።

ልጄ ስትገባ ስድስቱም ጋዜጣው ላይ ነበሩ። አልደበቅኳቸውም። አየቻቸው፣ እኔንም አየችኝ። እጅጌዋን ሰብስባ ልትተክል ሞከረች፤ በጣቷ ነው የምትተክለው፣ ሲወጣ ይዞት ይወጣል። ወረንጦውን ሰጠኋት። ሁለታችንም ጎንበስ እንዳልን ስድስቱን ተከልን።

ባለቤቴ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ታየን ነበር። ደስ ብሏታል፤ ለመስክ ሥራ የምትወጣ መስሏታል። ታክሲው ሲመጣ ባልቆሰለው እጇ ጨበጠችኝ።

«በሉ እንግዲህ። መደቡን አደራ።»

«ችግር የለም።»

«ባለቤቴ ቢጠይቅ፣ ቆልፌ እንዳልወጣሁ ይንገሩት። ቁልፍ ይረሳል።»

ልጄ ፊቷን ወደ ደረጃው አዞረች። ልብስ ሰፊዋ በሯን ከፍታ ቆማ ነበር፤ ቀስ ብላ ዘጋችው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ማንም አላነሳቸውም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ፎቶ የጠየቀኝ የለም። መኝታ ቤቱ ውስጥ መተኛት እችላለሁ አሁን። ሶፋው ላይ ተኛሁ። ከማሞቂያው የቀረው ጥቁር ቀዳዳ ራስጌዬ ጋ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ምሳ ይዛ መጣች፤ የዓሣውንም ደህንነት ነገረችኝ። «መቆፈር ትቷል፤ ያዝናል» አለች። «ዓሣ አያዝንም» አልኳት። «እርስዎ ደግሞ! ዓሣንም ያርማሉ?» ብላኝ ሄደች።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ዋናተኛው በመንገዱ ሲያልፍ ገብቶ አየልኝ። አንዱን ተክል በወረንጦ ጫፍ ቀስ ብሎ ሳበው፤ አሸዋው አብሮ ተነሳ እንጂ አልለቀቀም።

«ጋሼ ያዘ! ሁሉም ይዘዋል! ምን አደረጉት?»

«ምንም።»

«አዩ? እኔስ ምን ብዬዎት ነበር፤ ዋናው አለመንካት ነው።» ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። «እንኳን ደስ ያለዎት።»

አመሰግናለሁ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ልጄ ደወለች። እናቷ ትበላለች፣ ቁስሉ ደርቋል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ቤቱን ትዞራለች፤ የምታነሳው ነገር ትፈልጋለች። የልጆቹን ጫማ ደርድራ ጋዜጣ አልብሳቸዋለች።

«ተክሎቹስ?» አለችኝ።

ዞሬ አየኋቸው። ነጫጭ ሥሮች መስታወቱ ድረስ መጥተዋል፤ አንዱ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ስድስቱም በቦታቸው ናቸው። ይህን ብነግራት ምን ማድረግ እንደምትችል አላውቅም፤ ሰኔ ላይ የሰጠችኝን ፈተና ነሐሴ ላይ አልፌዋለሁ።

«እማዬን አገናኚኝ» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«ከመሥሪያ ቤት ነው በያት።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። አተነፋፈሷን አወቅኩት።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«ከጣቢያው ነው። አዲሱ ነኝ።»

«ውይ፣ እርስዎ ነዎት! መደቡ እንዴት ነው?»

ዓይኔን ከመስታወቱ አልነቀልኩም።

«ሁሉም መነሳት አለባቸው» አልኩ። «ሰው የለም። ብቻዬን አልቻልኩትም።»

«ስድስቱም?»

«ስድስቱም።»

«አይ የእናንተ ነገር!» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ከወራት በኋላ የሰማሁት ደስታ አለ። «ምንም አይንኩ። ነገ በጠዋት እገባለሁ። ባለቤቴ ያደርሰኛል።»